ሼሁ መቀመጫቸውን የቀየሩበት ችሎት

መካነ ሰላም ውስጥ ዲሽ ከሚሰቅሉት አንዱ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ሪሲቨር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ የለመድኩት ሥራ ነው። እኛ ደጋ ላይ ነፋሱ ዲሹን የጣት ስፋት ያህል ካዞረው ምስሉ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ የሰው ቆርቆሮ ላይ ሳልወጣ የምውልበት ሳምንት የለም። ሥራዬን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። የማን ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ ዲሹ ወዴት ዞሮ እንደነበር፣ ሲግናሉ ስንት ላይ እንደቆመ እጽፋለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይህን የማወራውም ደብተሩ ስላለ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ያየሁትን እኔም አላምነውም ነበር።

ከሁሉ በላይ የወጣሁበት ጣሪያ የሼሁ ቤት ጣሪያ ነው። ሼሁ በልጅነቴ ቁርአን ያስቀሩኝ ሰው ናቸው። የታወቁ ሽማግሌም ናቸው፤ ድንበር የተጋፋ፣ ትዳሩ የተናጋ፣ ደም የተቃባ ሰው ከወግዲም ከአቀስታም ድረስ ይመጣባቸዋል። ደረሳ፣ የቁርአን ተማሪ፣ ሳለሁ ሽምግልናቸውን ከዳር ሆኜ አይ ነበር። እሳቸውና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። የተበዳይ ወገን በመስኮቱ በኩል፣ የተከሳሽ ወገን ደግሞ በበሩ በኩል ይሆናል። ሁሉም የሚለውን እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። ሼሁ ሲፈርዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሰው ሁሉ ለመስማት ወደፊት ያዘነብላል። ከዚያ ዱዓ ይደረጋል፣ ፋቲሃ ይቀራል፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ፋቲሃ የተቀራበት ነገር ተመልሶ አይነሳም።

ቴሌቪዥኑን የላከችላቸው ሴት ልጃቸው ናት፤ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ስሰቅለው እናቷ አጠገቤ ቆመው ማሸጊያውን በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። እሳቸውም ብዙ አልቆዩ፤ ታመው ባልጋ ላይ ጥቂት ሰንብተው አረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዝ ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። ጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ ለሼሁ አላቸው። እሳቸው ግን፣ «ከማታውቀው ሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ» ብለው እኔን አስጠሩኝ። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። በሦስተኛው ተነሳ። ስልኩን ለሼሁ ሰጥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ቀኑ አርብ ነበር፣ ከቀትር በኋላ። ደብተሬ ላይ አለ።

ልጅቷ የተመለሰችው ከዚያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ በአንድ ቦርሳ፣ ከመባረሯ በፊት ታስራ ነበር ተብሎ። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ከእሷ ጋር በአንድ ከተማ ትሠራ የነበረች ሴት ወግዲ ገብታ አውርታለች፤ «የምታስታምማት አሮጊት ታንቃ ስትሞት፣ ይቺ ጣሪያ ላይ ወጥታ ስልክ ታወራ ነበር» ብላ። ከማን ጋር ታወራ እንደነበር ወሬው አይናገርም። ስለማይናገርም እያንዳንዱ ሰው የመሰለውን ወንድ ጨመረበት።

ሼሁ ልጃቸውን አላባረሯትም፣ አልተቆጧትም። ብቻ አላናገሯትም። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ ሳለች፣ ወደ እኔ ወይም ወደ ጎረቤት ዞረው፣ «ለልጅቱ ንገሯት፣ የውዱ ውሃ ታቅርብ» ይላሉ። እሷም ለሰላት የሚታጠቡበትን ሳይነገራት ታቀርባለች። ሌላው ሰው ጨካኝ ናቸው ብሎ አላማቸውም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌ የገዛ ልጁን ነገር አይዳኝም። ከዳኘ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚያምነው የለም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ እሳቸው «እዩልኝ» ብለው ካልሰጧቸው በስተቀር የሼሁን ቤት ገበና አይከፍቱም፤ ድፍረት ነው። እሳቸው ሊሰሟት አይችሉም፣ ሌላው ሊጠይቃት አይደፍርም። የወረዳውን ሰው ሁሉ ነገር የሰማ ቤት ውስጥ የእሷን ነገር የሚሰማ አንድ ጆሮ ጠፋ። ለስድስት ወር ያህል እንዲህ ኖረች።

ድራማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ሳላስበው። ነፋስ ያዞረውን ዲሽ እያስተካከልኩ ወደ ውስጥ፣ «ገባ?» እያልኩ እጮሃለሁ። ውስጥ ያሉት ሁለት የዘወትር ጎረቤቶች ናቸው። አንደኛዋ ሰው ሁሉ ዱዓ የሚያስደርጋቸው፣ እኛ ዱበርቲ የምንላቸው ባልቴት ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ከሼሁ ጋር በአንድ አጥር አርጅተዋል። ባልቴቷ «አያ ቀጠሮ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል።

«ገባ! ገባ! እንዳትነካው!» አሉ ባልቴቷ።

ወርጄ ባየው የማላውቀው የዓረብ ጣቢያ ነው። ጥቁር ካባ የለበሰች ጠበቃ ቆማለች፤ ከብረት አጥር ወዲያ አንዲት ልጅ እጇን አጣምራ ታለቅሳለች።

«ይሄ የእኛ አይደለም፣ ልቀይረው» አልኩ።

«እጅህን ሰብስብ! ልጂቱ እያለቀሰች ወዴት ጥለሃት ትሄዳለህ?»

«ምን እንደሚሉ አይገባዎትም እኮ።»

ከጓዳው በር፣ ሰሃን እያደረቀች የቆመችው የሼሁ ልጅ ነበረች የመለሰችው። «አሮጊቷን ገድለሻል እያሏት ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። ሼሁ ከላይኛው መቀመጫቸው ላይ ሆነው የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰባቸውን፣ መቁጠር ለአፍታ አቆሙ፤ ከዚያ ቀጠሉ። ዞረው አላዩዋትም።

በማግስቱ ከአስር ሰላት በኋላ ባልቴቷ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። አያ ቀጠሮም መጡ። ከዚያ ጎረቤት ተጨመረ፤ ዱካና በርጩማ ከየቤቱ መጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጫማ የሚወልቅበት ቦታ አልበቃ አለ። ልጅቷ ከጓዳው በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ቃል ታስተረጉማለች። ተቀምጣ አታውቅም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ጠበቃዋ ስትናገር ግን አገጯን ቀና ታደርጋለች።

እንደዚያ ያለ ተመልካች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የሟቿ ልጆች ምስክር ሲያቀርቡ ባልቴቷ፣ «ዓይኑን እዩት! ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል!» ይላሉ። ጠበቃዋ ስትናገር፣ «አላህ ምላስሽን ያርዝመው» ብለው ይመርቁና፣ ወዲያው ደግሞ፣ «ፀጉሯን ብትሸፍነው ምን ነበር፤ ዱዓዬ እንዴት አድርጎ ይድረሳት?» ይላሉ። አያ ቀጠሮን የሚያናድዳቸው ሌላ ነገር ነው።

«በአንድ ቀን ክስ ተሰምቶ፣ በአንድ ቀን ምስክር ተሰምቶ? ቀጠሮ የለም? ይሄ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ይሄ ወፍጮ ቤት ነው!»

«አያ ቀጠሮ፣ ያንተ ፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ልጂቱ እስር ቤት ውስጥ ታረጅ ነበር።»

«እኔ መዝገብ ነው የምይዘው፣ እትዬ። ዳኛ አይደለሁም።»

«ያዝክ፣ ያዝክ፤ እስካሁን አልለቀቅከውም።»

ሼሁ አይስቁም። አንዳንዴ ብቻ አንድ ነገር ይላሉ። አንድ ቀን፣ «ዳኛው ወረቀቱን ነው የሚያየው፣ የልጂቱን ፊት አላየም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዳኛው ቀና ባለ ቁጥር ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። አንድ ሰው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር የአርባ ሰው ዓይን ወዴት እንደሚያይ ሲወስን ማየት የሚያስደንቅ ነገር ነው።

እኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር እቀመጣለሁ፤ ምስሉ ሲቆራረጥ ሮጬ የምወጣው እኔ ስለሆንኩ ነው። ደብተሬንም ይዤ ነበር። ዓረብኛ በኪታብ፣ በሃይማኖት መጽሐፍ፣ ነው የጀመርኩት፤ ከዚያ ደሴ ላይ ካገኘሁት ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ጋር ስታገል ትንሽ ትንሽ ቻልኩ። ቶሎ ሲናገሩ ይጠፋብኛል፣ ቀስ ሲሉ ግን እይዛለሁ። የሰማሁትን ቃል እጽፋለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ እፈታዋለሁ። ለትምህርት ብዬ እንጂ ማንንም ልቆጣጠር አልነበረም።

መጀመሪያ ያገኘሁት ልዩነት ትንሽ ነው። ተከሳሿ በድራማው ውስጥ ነርስ ናት። ልጅቷ «የቤት ሠራተኛ» እያለች ነው የምታስተረጉመው። ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ተከሳሿ በዓረብኛ አራት ቃል ተናገረች፤ የእኛዋ ግን ልጂቱ አፏን ከዘጋች በኋላም ማውራቷን አላቆመችም። «አሮጊቷን እወዳት ነበር፤ ፀጉሯን እኔ ነኝ የማበጥረው፤ ስሜን መጥራት ስለማትችል በሌላ ስም ትጠራኝ ነበር፤ እኔም እሺ እላለሁ» አለች። ባልቴቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ደብተሬን አየሁ። አራቱ ቃላት፣ «እኔ ምንም አላደረግኩም» የሚሉ ናቸው።

ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት ያሳክከኛል፤ ሰው የዲሹን አቅጣጫ «ወደ ምሥራቅ» ሲል እንኳ አርማለሁ። እሷ ግን እየተሳሳተች አልነበረም። ውሸት ነው እንዳልል ደግሞ፣ እንደዚያ የሚዋሽ ሰው አይቼ አላውቅም። አላረምኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ ቴሌቪዥኑ ያለውን፣ በቀኝ እሷ ያለችውን መጻፍ ጀመርኩ። የቀኙ ዓምድ በየቀኑ ይረዝማል።

ከዚያ ጠበቃዋ ተከሳሿን፣ «አሮጊቷ በሞተችበት ሰዓት የት ነበርሽ?» ብላ የጠየቀችበት ቀን መጣ። በግራው ዓምድ ያለው መልስ፣ «መድኃኒት ቤት» የሚል ነው። የእኛዋ ሰሃን ማድረቂያውን ጨርቅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ጣሪያ ላይ ነበርኩ ትላለች» አለች። «ቤት ውስጥ ስልክ ማንሳት አይፈቀድልኝም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አላነሳሁም። በሦስተኛው ከአገሬ መሆኑን አየሁ። ከአገሬ ሦስት ጊዜ ተደውሎልኝ አያውቅም። አሮጊቷን ምሳዋን አብልቻት ነበር፤ አቃንቼ፣ ትራስ ደግፌ፣ ስልኩ እየጠራ ወደ ጣሪያ ሮጥኩ። እናትሽ ሞተች አሉኝ። ከዚያ በኋላ እዚያ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስወርድ አሮጊቷ በሕይወት አልነበረችም።»

እርሳሴ ቆመ። ሦስት ጊዜ። የደወልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ መሆኑን የሚያውቀው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ እኔ፣ አጠገቤ ቆመው ይጠብቁ የነበሩት ሼሁና ስልኩን ያነሳችው ሴት። ቀና ብዬ ሼሁን አየሁ። ሙሰባቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል።

ቤቱ ግን በጩኸት ተሞላ። «ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?» «እናቷ ሞታ!» «መርዶ በስልክ የነገራት ማነው እሱስ? እሱ ነው መታሰር ያለበት!» ያሉት ባልቴቷ ናቸው፤ አያውቁም። እኔ ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ዳኛው፣ ውሳኔ ለመስጠት ብሎ ተነስቶ ወጣ። የዕለቱ ክፍል አለቀ። ማንም አልተነሳም። አያ ቀጠሮ ናቸው፣ ያ ሁሉ ዘመን በቀጠሮ ሲምሉ የኖሩት ሰው፣ «እኛ ለምን ቀጠሮ እንጠብቃለን?» ያሉት። «ቃሏን ሰምተናል። ክሱን ሰምተናል። ሽማግሌ እዚህ ሞልቷል። ያ ዳኛ ፊቷን አላየም፣ እኛ አይተናል። እንየው።»

የሚስቅ ሰው ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሳቀም። ከሼሁ ጋር የሚሸመግሉ፣ ድራማውን ሊያዩ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሰው ጫማውን አስተካክሎ ቦታ ሰጣቸው። አንዱ ሽማግሌ ወደ ሼሁ ዞረው፣ «አንቱ ይጀምሩ እንጂ፣ ሼህ» አሉ።

ሼሁ ተነሱ። ዱላቸውን አነሱ። «እኔን ተዉኝ» አሉ። «በዚህኛው አልቀመጥም።»

«ምነው፣ አመመዎት?»

በተቀመጠው ሰው መሃል እያለፉ እስከ በሩ ሄዱ፤ በሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ፣ ጫማ የተከመረበት አጠገብ፣ ተቀመጡ። ነፋስ የሚገባበት ቦታ ነው። ሰው ጉልበታቸውን መዘርጋት ፈልገው መሰለው፤ አንዱ ጋቢ አቀበላቸው። እኔ ግን በሩ በኩል ማን እንደሚቀመጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የተከሳሽ ወገን ነው።

ወደ ጓዳው በር አየሁ። እሷም አይታለች። ጨርቁን አፏ ላይ ይዛዋለች።

በደብተሬ የዚያ ቀን ገጽ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ሼሁ መቀመጫ ቀየሩ»። ሌላ ልጽፍ አልቻልኩም። ብዙ ጣሪያ ወጥቻለሁ፣ ከምድር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ ሳተላይት ምስል ይዤ ለሰው ቤት አስገብቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያስደንቀኛል። እንደዚያ ቀን ግን ተደንቄ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ጥቂት እርምጃ ተራመዱ፣ ሌላ ምንም አላደረጉም።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንድ በአንድ ተናገሩ። የሟቿን ልጆች ነገር የሚያቀርብ ሰው ስላልነበረ አያ ቀጠሮ ተነስተው በእነሱ ፈንታ ተሟገቱ፤ በደንብም ተሟገቱ። «ጥላት ወጥታለች፤ ይሄ የማይካድ ነው» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «አብልታ፣ አቃንታ፣ ትራስ ደግፋ ነው የወጣችው» ብለው መለሱ። «የወጣችው ለመርዶ ነው። በመርዶ ሰዓት አእምሮ ያለው ሰው የለም። የሟቿን ነፍስ አላህ ይማር፤ ልጂቱ ግን ነፃ ናት።» ሁለቱ «ነፃ ናት» አሉ። ባልቴቷ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ዘረጋ፤ አያ ቀጠሮም በራሳቸው መንገድ አማተቡ። በቴሌቪዥን ላለች፣ ስሟን በትክክል መጥራት ለማንችላት ሴት፣ ፋቲሃ ተቀራ። በተዘጋው ቴሌቪዥን የጨለመ መስታወት ላይ የተዘረጉት እጆች ይታዩ ነበር። በበሩ በኩል ሼሁ እጃቸውን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርገው ነበር፤ «አሚን» ያሉት ግን ከሁሉም ኋላ ነው።

ያ ሳምንት እንዲሁ ቢያልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሼሁ ከበሩ መደብ አልተመለሱም፤ በየቀኑ እዚያው ነው የሚቀመጡት። አሁንም ልጃቸውን አላናገሯትም። እሷም ማስተርጎሟን ቀጠለች፤ አሁን ግን ቃሏ አጠረ፣ ወደ ግራው ዓምድ ተጠጋ። የምትናገረውን ተናግራ የጨረሰች ይመስል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ዳኛው ውሳኔ ሊሰጥ ተቀመጠ። ጠበቃዋ ቆመች። ያን ጊዜ ተከሳሿ ራሷ፣ ሳትጠየቅ፣ የብረቱን አጥር ይዛ ተነሳች። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ እኔ እንኳ አንድ ቃል ሳይጠፋብኝ ሰማሁ። ገድያታለሁ አለች። መድኃኒቱን አውቄ ነው የሰጠኋት አለች። ጠበቃዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ በዚያ ሁሉ ክፍል ስትቀመጥ ያየናት ያኔ ብቻ ነው።

የእኛዋ ዝም አለች።

«ምን አለች?» አሉ ባልቴቷ። «ጠበቃዋ ለምን ፊቷን ሸፈነች? ፈቷት?»

የሼሁ ልጅ ጨርቁን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ ንገሪን! ልባችን ሊወጣ ነው!»

ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! አንተም ዓረብኛ ትቆጥራለህ፤ ያ ደብተርህ ምን ይላል?»

የአርባ ሰው ዓይን ወደ ቴሌቪዥኑ ሥር ዞረ። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ በግራው ዓምድ ቃሉን ጽፌው ጨርሻለሁ፣ ቀኙ ባዶ ነው። ልክ ያልሆነ ነገር ከአፌ እንዲወጣ አልፈልግም። ልክ የሆነውን ብናገር ደግሞ የተቀራውን ፋቲሃ በእጄ ማፍረሴ ነው። «እኔ... የኪታብ ዓረብኛ ነው የማውቀው» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ፈሪ የሚናገረው ዓይነት እውነት ነው።

«እሱን ተዉት» አለች እሷ፣ ከጓዳው በር።

ጨርቁን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሳሎኑ ገባች፤ ሰው ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፋት። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ከኋላዋ ተከሳሿ አሁንም እያለቀሰች ታወራለች።

«ገድያለሁ ነው የምትለው» አለች። «መድኃኒት ቤትም አልሄደችም፣ ጣሪያም አልወጣችም። እናቷም አልሞተችባትም። ነርስ ናት፣ ሠራተኛም አይደለችም። የቴሌቪዥኗ ገድላለች።» ትንፋሿን ሳበች። «እኔ አልገደልኩም።»

ባልቴቷ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው አየሁ፤ መርዶ በስልክ የነገረው ይታሰር ያሉት ትዝ ሲላቸው እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አፋቸው ሄደ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። በሼሁ ቤት፣ ሼሁ ሳይሰጧቸው፣ የሼሁን ልጅ ነገር አይተዋል። ከዚህ የበለጠ ድፍረት የለም። አንደኛው ሊነሱ ዱላቸውን ያዙ።

«እንግዲህ...» አሉ አያ ቀጠሮ። «እንግዲህ ያ ፍርድ... በሌላ ሰው መዝገብ የተሰጠ ነው። ይፈርሳል ማለት ነው?»

«አይፈርስም።»

ሼሁ ናቸው፤ ከበሩ መደብ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እንደ ድሮው ሁላችንም አዘነበልን።

«ሽማግሌ የሚፈርደው በሰማው ቃል ነው» አሉ። «እናንተ የሰማችሁት የማንን ቃል ነው? የዚያችን ዓረብኛ ከእናንተ ማን ሰማው? የሰማችሁት የዚችን ነው። የፈረዳችሁትም ለዚችው ነው። ፋቲሃውም ለዚችው ነው የተቀራው። እኔ ወንበር ለቅቄ የወጣሁት አውቄ ነው፤ ባትፈርዱላት ኖሮ እዚሁ ከእሷ ጋር ተፈርዶብኝ እቀመጥ ነበር።»

ሽማግሌው ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«መርዶውን በስልክ ያስነገርኩት እኔ ነኝ» አሉ ሼሁ። «ሁላችሁም አይሆንም ብላችሁኝ ነበር። ይህም በቃሉ ውስጥ ይግባ።»

ከዚያ ወደ እሷ ቀና አሉ። ስድስት ወር ሙሉ «ለልጅቱ ንገሯት» ሲሉ የሰማኋቸው ሰው ናቸው። አሁን ማንንም አልላኩም።

«ልጄ» አሉ፣ ጫማዎቹን በዱላቸው ገፋ አድርገው ቦታ እያስለቀቁ። «ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ቆመሽ ከረምሽ።»

ሄዳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ያለቀሱት ባልቴቷ ናቸው፣ ድምፅ አውጥተው፣ «አፉ በለኝ ሼህ፣ አፉ በለኝ» እያሉ፤ ሼሁም፣ «ያሉት ልክ ነው፣ መታሰር ነበረብኝ» አሏቸው። ሰው ሳቀ፤ የታመቀ ሳቅ ነበር፣ ቶሎ አላቆመም። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ሲጮህ ቆየ።

በመጨረሻ አያ ቀጠሮ መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ የዚያችኛዋ ነገር ምን ሆነ?» አሉ።

«ንገሪያቸው» አሏት ሼሁ።

ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከበሩ በኩል፣ ማስተርጎም ጀመረች። እኔም ደብተሬን ገለጥኩ። ግራና ቀኙን እያስተያየሁ እስከ መጨረሻው ጻፍኩ። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አላጎደለችም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሁለቱ ዓምዶች እኩል ሆነው ነው የሚወርዱት። ባልቴቷ ብቻ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም።

«ድራማው ተበላሽቷል» ይሉኛል፣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ባዩኝ ቁጥር። «እስኪ ዲሹን ወደ ድሮው ቦታ መልሰው።»